በበሽሎ ሸለቆ የሚጠፋው መኪናና የቆቦ ፓምፖች፦ የትኛውን የመገናኛና የቦታ ማወቂያ ሞጁል ልምረጥ?

የቦርከና ልጅ፣ ከኮምቦልቻ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ኮምቦልቻ ላይ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሱቅ አለኝ። አንድ የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ዩኒየን ሁለት ሥራ አንድ ላይ ስለሰጠኝ ምክራችሁን ፈልጌ ነው የምጽፈው። የመጀመሪያው ሥራ የዩኒየኑ አይሱዙ የጭነት መኪኖች ያሉበትን ቦታ እየመዘገበ ወደ ቢሮ የሚልክ መሣሪያ መግጠም ነው። ሁለተኛው ደግሞ ቆቦ ሜዳ ላይ በከርሰ ምድር ውኃ ጉድጓዶች የተተከሉት የመስኖ ፓምፖች እየሠሩ ወይም ቆመው እንደሆነ፣ በማጠራቀሚያ ገንዳዎቹም ውስጥ ውኃው ምን ያህል እንደደረሰ ከሩቅ ማሳወቅ ነው።

ለመኪኖቹ ናሙናውን የሠራሁት ገበያ ላይ በቀላሉ በሚገኙት በሲም 800ኤል የመገናኛ ሞጁልና በኒዮ 6ኤም የጂፒኤስ ሞጁል ነው። ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ ያለ እንከን ይሠራል፤ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ እስኪገባም እምብዛም አያስቸግርም። ችግሩ የሚጀምረው መኪናው ከደሴ በኩታበር አድርጎ ወደ ደላንታ ሲጓዝ ነው። በሽሎ ሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ ስለሚጠፋ፣ ቢሮ ባለው ካርታ ላይ ከዚህኛው አፋፍ እስከ ማዶው አፋፍ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ይታያል፤ መኪናው የት እንደቆመና ምን ያህል እንደቆየ የሚነግረን የለም። ከዚያ የከፋው ግን መኪናው ወደ አፋፉ ሲጠጋ፣ ኔትወርኩ ደከም ብሎ በሚገኝበት ቦታ፣ ሞጁሉ ደጋግሞ እየጠፋ መነሣቱ ነው። ከተማ ውስጥ እንዲህ አድርጎ አያውቅም። በዚያ ላይ ገደሉን ይዞ በሚሄደው መንገድ ነጥቦቹ አንዳንዴ ከመንገዱ ብዙ ርቀው ይወድቃሉ። መኪናው ወልድያ ላይ ቆሞ ባደረበት ሌሊት ደግሞ ሲንቀሳቀስ ያደረ ይመስል ካርታው በነጥብ ተሞልቶ ይነጋል።

ዕቃ የሚያቀርብልኝ ነጋዴ ሲም 800 ጊዜው ስላለፈበት የአራተኛው ትውልድ ሞጁል እንድገዛ ይወተውተኛል፤ ለፓምፖቹም በሞባይል ኔትወርክ ላይ የሚሠራውንና ባትሪ አይበላም የሚባለውን ኤንቢ አይኦቲ እንድወስድ ይመክረኛል። ሌላ ወዳጄ በበኩሉ ለፓምፕ ያለ ሲም ካርድ በራሱ ሬዲዮ ሩቅ ከሚደርሰው ከሎራ የሚሻል የለም ባይ ነው። ገንዘቡ የገበሬው ስለሆነ ሞጁል እየለዋወጥሁ ለመሞከር አልደፍርም። በዚህ አካባቢ ተመሳሳይ ሥራ የሠራችሁ ብትኖሩ የምትሉትን በጉጉት እጠብቃለሁ።

ጦሳ ሥር፣ ከደሴ

ወንድማችን፣ ጥያቄዎን በደንብ ዘርዝረው ስላቀረቡ ለመልስ ያመቻል። ሞጁል ከመምረጥዎ በፊት ሁለት ነገሮችን ለይተው ይዩ፤ መኪናው የት እንዳለ ማወቅ አንድ ሥራ ነው፣ ያወቁትን ወደ ቢሮ ማድረስ ግን ሌላ ሥራ ነው። የጂፒኤስ ሞጁሉ የሚያዳምጠው ወደ 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የሚዞሩ ሳተላይቶችን ስለሆነ፣ በሽሎ ውስጥ ኔትወርክ ኖረም አልኖረም ቦታውን ማስላቱን አይተውም። ካርታው ላይ መስመሩ ቀጥ ያለው መሣሪያዎ ያሰላውን ነጥብ ወዲያውኑ መላክ ሲያቅተው ስለሚጥለው ነው። ይህንን ደግሞ የአራተኛው ትውልድ ሞጁልም ሆነ የአምስተኛው አይፈታልዎትም፤ የኔትወርክ ምሰሶ በሌለበት ሸለቆ ውስጥ ሁሉም እኩል ዲዳ ናቸው።

የሚፈታው አነስተኛ የፍላሽ ማስቀመጫ ነው። ጊዜን፣ ኬክሮስን፣ ኬንትሮስን፣ ፍጥነትንና የነጥቡን ጥራት በ20 ባይት ማሸግ ይቻላል። 4 ሜጋባይት የምትይዘው ርካሿ የፍላሽ ቺፕ በዚህ ስሌት ከ200,000 በላይ ነጥቦች ትይዛለች፤ በየ10 ሰከንዱ አንድ ነጥብ ቢመዘግቡ እንኳ ከሦስት ሳምንት በላይ ትሄዳለች። ለእያንዳንዱ ነጥብ ተራ ቁጥር ይስጡት፤ ኔትወርክ ሲገኝ በርከት አድርገው አንድ ላይ ይላኩ፤ ሰርቨሩ እስከዚህ ቁጥር ድረስ ደርሶኛል ብሎ ካልመለሰ በቀር ከፍላሹ ላይ አንዱንም አይሰርዙ። ነጥቦቹ አርፍደው ስለሚደርሱ ሰርቨሩ መደርደር ያለበት በደረሱበት ሰዓት ሳይሆን በተመዘገቡበት ሰዓት ነው፤ ይህንን የዘነጋ ፕሮግራም መኪናውን ወደኋላ ሲነዳው ያሳያል።

እየጠፋ ስለሚነሣው ነገር አብሽሩ፣ ሞጁሉ አልተበላሸም። ነገሩ ከኃይል አቅርቦት የመጣ ይመስለኛል። የሁለተኛው ትውልድ ሬዲዮ ሁልጊዜ አይናገርም፤ በየ4.615 ሚሊ ሰከንዱ ለ0.577 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ብድግ ብሎ ይናገርና ዝም ይላል። በዚያች ቅጽበት ግን እስከ 2 አምፒር ሊስብ ይችላል። ምሰሶው ቅርብ ከሆነ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለሚናገር የሚስበው ትንሽ ነው፤ ምሰሶው ሲርቅ በ900 ሜጋኸርትዝ እስከ 2 ዋት ድረስ ይጮኻል። ኮምቦልቻ ላይ ደህና የነበረው አፋፉ ላይ የሚወድቀው ለዚህ ነው። ሲም 800ኤል ከ3.4 እስከ 4.4 ቮልት ይፈልጋል። 4.0 ቮልት ቢሰጡት፣ በቀጫጭን የመሞከሪያ ሰሌዳ (ብሬድቦርድ) ሽቦዎችና በመጋጠሚያዎች ላይ የ0.3 ኦም መቋቋም ብቻ ቢኖር፣ በ2 አምፒር ጊዜ 0.6 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፤ ሞጁሉ ዘንድ የሚደርሰው ልክ የድንበሩ 3.4 ይሆናል። ብዙ ሰው አንድ 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ሰክቶ ጨርሻለሁ ይላል። ካፓሲተሩ ብቻውን ያንን ፍላጎት ይሸፍን ከተባለ ግን በ0.577 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ከ1.1 ቮልት በላይ ይወርዳል። ስለዚህ ካፓሲተሩም ይኑር፣ ሽቦውም ይወፍርና ይጠር፣ ሬጉሌተሩም ከ2 አምፒር በላይ ያለ ጭንቀት የሚሰጥ ይሁን። የአይሱዙው መስመር 24 ቮልት ከሆነ ሬጉሌተሩ ፊት ፊውዝና የቮልቴጅ ግርፋትን የሚገታ ዳዮድ ማስገባትዎን አይርሱ፤ ዲናሞው የሚወረውረው ቮልቴጅ ከ24 እጅግ ይበልጣል።

ከዚህ በኋላ ነው የትውልድ ጥያቄ የሚመጣው። እኔ ብሆን አራተኛውንም ሁለተኛውንም ትውልድ በአንድ ላይ የሚችል፣ ካት 1 በሚባለው ደረጃ ያለ ሞጁል እወስዳለሁ። ካት 1 ወደታች 10፣ ወደላይ 5 ሜጋቢት በሰከንድ ይደርሳል፤ ለእርስዎ ሥራ ይህ ከበቂ በላይ ነው። የአራተኛው ትውልድ መሣሪያ የመናገር ጉልበቱ 0.2 ዋት ገደማ ስለሆነ የኃይል መስመሩን እንደ ሁለተኛው አያንገላታውም፤ ይሁን እንጂ አራተኛውን አጥቶ ወደ ሁለተኛው ሲወርድ ያው የ2 አምፒር ጥያቄ ተመልሶ ይመጣልና ከላይ ያልሁትን በዚህ ሰበብ እንዳይተዉት። በሌላው ዓለም የሁለተኛውን ትውልድ መስመር የዘጉ አሉ፤ የአሜሪካው ኤቲ ኤንድ ቲ እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ላይ ዘግቶታል። ዛሬ የሚገጥሙት መሣሪያ መኪናው ላይ ዓመታት ስለሚቆይ ሁለቱንም መቻሉ ዋስትና ነው። ሲገዙ የሞጁሉን የመጨረሻ ፊደል በጥንቃቄ ያንብቡ፤ ለምሳሌ ሲም 7600ኢ ለአውሮፓ፣ ለመካከለኛው ምሥራቅና ለአፍሪካ ባንዶች ሲሠራ፣ ሲም 7600ኤ ደግሞ ለሰሜን አሜሪካ የተሠራ ነው። ገበያ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ዋጋቸው ሲለያይ ርካሹን ማንሣት ያምራል።

የቦርከና ልጅ፣ ከኮምቦልቻ

እጅግ አመሰግናለሁ፤ የፍላሹ ነገር ገብቶኛል። በኃይሉ ላይ ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። የሞጁሉን እግር በመልቲሜትር ስለካው 3.9 ቮልት ነው የሚያሳየኝ፤ ከዚያ ሲወርድ አላየሁም። ይህ ከሆነ ጥርጣሬው ሌላ ቦታ ሊሆን አይችልም?

ጦሳ ሥር፣ ከደሴ

መልቲሜትሩ የሚያሳይዎ አማካዩን ነው። ሬዲዮው የሚናገረው ከጊዜው አንድ ስምንተኛውን ብቻ ስለሆነ፣ በቅጽበቱ የሚጎድለው 0.6 ቮልት በአማካይ ወደ 0.07 ይቀንሳል፤ እንግዲህ ያነበቡት 3.9 ከጥርጣሬዬ ጋር ይስማማል እንጂ አያፈርሰውም። ኦሲሎስኮፕ ካገኙ በግልጽ ያዩታል። ካላገኙም ሞጁሉ ራሱ ይናገራል፤ ባውድ ሬቱን (የመስመሩን የመረጃ ፍጥነት) በራሱ እንዲፈልግ ሳይተዉት በአንድ ቁጥር ካሰሩት፣ ቮልቴጁ ሲወርድ በተከታታይ መስመሩ ላይ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ይልካል፤ ማይክሮኮንትሮለሩ (ሞጁሎቹን የሚያዘው ትንሽ ኮምፒውተር) ያንን ከሲኤስኪው ንባብ ጋር ፍላሹ ላይ ይመዝግበው። ሲኤስኪው ከ0 እስከ 31 የሚሄድ የኔትወርክ ጥንካሬ ቁጥር ነው፤ በሁለት አባዝተው ከ113 ሲቀንሱት በዴሲቤል ሚሊዋት ምን ያህል ከዜሮ በታች እንደሆነ ያገኛሉ። 10 ከሆነ ከዜሮ በታች 93 ማለት ነው፤ 99 ካለ ደግሞ አላወቅሁትም ማለቱ ነው። ማስጠንቀቂያው ሁልጊዜ ከዝቅተኛ ቁጥር ጋር አብሮ ከመጣ ክርክሩ አለቀ።

አላውኃ ማዶ፣ ከወልድያ

ጋሼ ጦሳ ሥር የመገናኛውን ነገር ስለጨረሱት እኔ ወደ ነጥቦቹ መራቅና መቅበዝበዝ ልሂድ።

ኒዮ 6ኤም የሚያዳምጠው የአሜሪካውን ጂፒኤስ ብቻ ነው። ሜዳ ላይ ይህ ይበቃል። በሽሎን በመሰለ ገደል ግን የሰማዩ ግማሽ በዓለት ስለሚሸፈን የሚታዩት ሳተላይቶች ጥቂትና ሁሉም ወደ ራስ ቅል የተጠጉ ይሆናሉ። በዚህ አኳኋን የተሰለፉ ሳተላይቶች ቁጥራቸው አራት ቢሞላ እንኳ የሚሰጡት ስሌት የላላ ነው። በዚያ ላይ በቀጥታ ያልመጣ፣ ከማዶው ዓለት ተንጸባርቆ የመጣ ሞገድ ይደርሳል። ሞገዱ በማይክሮ ሰከንድ 300 ሜትር ስለሚሄድ፣ በማይክሮ ሰከንድ አንድ ሦስተኛ ዘግይቶ የደረሰ ሞገድ ያንን ሳተላይት በ100 ሜትር አራቀው ማለት ነው። ነጥብዎ ከመንገዱ ወጥቶ ገደል ውስጥ የሚገኘው እንዲህ ነው። መድኃኒቱ ጂፒኤስን፣ የሩሲያውን ግሎናስን፣ የአውሮፓውን ጋሊሊዮንና የቻይናውን ቤይዱን አጣምሮ የሚያዳምጥ ሞጁል መያዝ ነው፤ ኒዮ 6ኤምን ከሠራው ከዩብሎክስ ኩባንያ ኤም 8 በአንድ ጊዜ እስከ ሦስቱን፣ ኤም 10 ደግሞ አራቱንም ይችላል። ጠባብ ሰማይ ውስጥ የሳተላይት ብዛት የሚሰጠውን ጥቅም በሶፍትዌር ማካካስ አይቻልም።

ሶፍትዌሩ የሚችለው መጥፎውን ነጥብ መለየት ነው። ሞጁሉ ከእያንዳንዱ ነጥብ ጋር ኤችዶፕ የሚባል የአሰላለፍ ጥራት ቁጥርና የሳተላይቶቹን ብዛት ይሰጣል። ኤችዶፑ ከፍ ሲል ነጥቡን አይጣሉት፤ ተጠራጣሪ ብለው ምልክት አድርገው ያስቀምጡት። እኔ መጣልን አልወድም፤ መኪና ገደል ውስጥ ሲቆም ያለዎት ብቸኛ ማስረጃ ያው ተጠራጣሪው ነጥብ ሊሆን ይችላልና። ወልድያ ላይ ያደረው መኪና ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የቆመ ተቀባይ በየሰከንዱ ትንሽ ትንሽ የተለያየ መልስ ማግኘቱ ተፈጥሮው ነው፤ የቁልፉን መስመር ወደ ማይክሮኮንትሮለሩ ያስገቡና ሞተሩ ሲጠፋ የመጨረሻውን ጥሩ ነጥብ ይዘው ያቁሙ፣ ከዚያ በየተወሰነው ጊዜ አንዴ ብቻ ይፈትሹ። በዩብሎክስ ሞጁሎች ላይ ከተወሰነ ፍጥነት በታች ቦታውን የሚያረጋ ቅንብርም አለ፤ የእንቅስቃሴውን ዓይነት ወደ ተሽከርካሪ መቀየርም ይረዳል። ከመሸ በኋላ የሚብስብዎት ከሆነ አይግረምዎ። አገራችን በምድር መግነጢሳዊ ወገብ አጠገብ ስለሆነች፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ባሉት ሰዓታት፣ በተለይ በመጋቢትና በመስከረም አካባቢ፣ የላይኛው የአየር ክፍል ተረብሾ የሳተላይቶቹን ሞገድ ያርገበግበዋል። ለጭነት መኪና ይህ የሚያስጨንቅ አይደለም፤ ለመሬት ቅየሳ ቢሆን ኖሮ ሁለት ፍሪኩዌንሲ የሚቀበል ሞጁል ይግዙ እል ነበር።

ጋሼን የምቃወምበት አንድ ነጥብ አለኝ። ሲም 7600ን የመሳሰሉ ሞጁሎች የቦታ ማወቂያውን በሆዳቸው ስለያዙ ብዙ ሰው አንዱን ገዝቶ ሁለቱን ሥራ ያሠራዋል። ለዚህ መንገድ እኔ ሁለቱ ተለያይተው እንዲቀመጡ እመርጣለሁ። የመገናኛው ክፍል ተሰናክሎ እንደገና ሲነሣ የቦታ ማወቂያው አብሮ ይጠፋል፤ ከዚያ ቦታውን ለማግኘት ከእያንዳንዱ ሳተላይት የምሕዋር መረጃውን ዳግም ማድመጥ ሊኖርበት ይችላል። ያ መረጃ በየ30 ሰከንዱ የሚደጋገም ስለሆነ፣ ጠመዝማዛ ገደል ውስጥ ሳተላይቱ ከዓለት ኋላ ብቅ ጥልቅ ሲል ሳይቋረጥ እስኪሰማ ብዙ ደቂቃ ይፈጃል። ተለይቶ ያለና ሌሊቱንም ያልጠፋ ተቀባይ ግን መረጃውን እንደያዘ ይነጋለታል፤ የሚበላው ከ50 ሚሊ አምፒር በታች ስለሆነ የመኪናው ባትሪ አይቆጥረውም። አንቴናውን በፕላስቲኩ ዳሽቦርድ ሥር፣ ሴራሚኩን ወደ ሰማይ አድርገው ከመገናኛው አንቴና አርቀው ያስቀምጡ። ብረት በላዩ ላይ ካለ ግን የገዙት ሞጁል ዋጋ ምንም አይጠቅምም።

በነገራችን ላይ፣ ሞጁሉ የሚሰጠው ሰዓት ዓለም አቀፉ ነው። ሹፌሮቹና ጸሐፊዎቹ የሚነጋገሩት ግን በእኛ አቆጣጠር ስለሆነ፣ ለሪፖርቱ 3 ሰዓት መደመር ሳይሆን 3 ሰዓት መቀነስ ነው ያለብዎት፤ በሞጁሉ 06:00 ያለው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ፍላሹና ሰርቨሩ ላይ ዓለም አቀፉን ትተው ገጹ ላይ ብቻ ይለውጡት።

የዞብል ጥላ፣ ከቆቦ

ሰላም ወንድሞቼ። ስለ ፓምፖቹ እኔ ልናገር፤ እዚሁ ሜዳው ላይ ስለምሠራ።

ኤንቢ አይኦቲን በተመለከተ ነጋዴው እንዳለው ባትሪ አይበላም፤ መስመሩም 180 ኪሎኸርትዝ ብቻ የምትሰፋ፣ ከመሬት በታች ላለ ቆጣሪ እንኳ እንድትደርስ የታሰበች ናት። ነገር ግን ኤንቢ አይኦቲ ብቻ የሚችል ሞጁል የሚሠራው የኔትወርኩ ባለቤት በዚያ ምሰሶ ላይ ይህንን አገልግሎት ሆን ብሎ ካበራው ብቻ ነው። ስልክዎ ላይ የሚያዩት የኔትወርክ ምልክት ስለዚህ ምንም አይነግርዎትም። አንድ ሞጁል ተውሰው ፓምፑ አጠገብ ምዝገባ ማግኘቱን ሳያረጋግጡ የገበሬውን ገንዘብ አያውጡ። ለመኪናማ ጭራሹን አይታሰብ፤ በመጀመሪያው ደረጃው መረጃ እየላከ ሳለ ከምሰሶ ወደ ምሰሶ መሸጋገር አይችልም።

በእኔ አስተያየት ለቆቦ ሜዳ ሎራ ይስማማል፤ ፓምፖቹ ብዙ፣ የሚናገሩት ጥቂት፣ ሜዳው ደግሞ በምሥራቅ በዞብል ተራራ የተገደበ ነው። እያንዳንዱ ፓምፕ የራሱ ሲም ካርድ ከሚኖረው፣ ሁሉም በሎራ ወደ አንድ መሰብሰቢያ ይናገሩና መሰብሰቢያው ብቻ በአንድ ሲም ወደ ቢሮ ይላክ። ወሳኙ የመሰብሰቢያው ከፍታ ነው። ሰዎች በሁለቱ አንቴናዎች መካከል ዓይን ካየ ይበቃል ይላሉ፤ አይበቃም። ሞገዱ የሚጓዘው መካከሉ ላይ እንደ እንቁላል ባበጠ ቦታ ውስጥ ነው። በ868 ሜጋኸርትዝ ለ10 ኪሎ ሜትር ርቀት መካከሉ ላይ የዚያ ቦታ ግማሽ ስፋት 29 ሜትር ያህል ነው፤ ከዚህ ቢያንስ ስድሳ በመቶው፣ ማለትም 17 ሜትር ገደማ፣ ከዛፍና ከመሬት ነፃ መሆን አለበት። ሁለቱንም አንቴና ሜዳው ላይ በ6 ሜትር ምሰሶ ቢተክሉ ይህንን አያገኙም። መሰብሰቢያውን ዞብል ግርጌ ካሉት ኮረብታዎች በአንዱ ላይ ካወጡት ግን የፓምፑ ምሰሶ ከማሽላው በላይ ከፍ ማለቱ ብቻ ይበቃዋል። ማሽላው ሲያድግና ቅጠሉ ሲረጥብ ሞገዱን እንደሚያዳክም አስበው ፍተሻዎን በበጋ ብቻ አድርገው አይጨርሱ።

ፍጥነቱን ሲመርጡ ሩቅ ይደርሳል ብለው ሁሉንም ወደ ዝግተኛው አያስሩ። 20 ባይት መልእክት በፈጣኑ፣ በኤስኤፍ 7፣ 57 ሚሊ ሰከንድ ያህል ሲወስድ በዝግተኛው፣ በኤስኤፍ 12፣ 1.3 ሰከንድ ገደማ ይወስዳል፤ ሁሉም እንዲህ ረጅም ካወሩ መልእክቶቹ ይጋጫሉ። የቀረበው ፓምፕ በፈጣኑ፣ የራቀው በዝግተኛው ይናገር፤ በየሩብ ሰዓቱ ሲልኩም ሁሉም በአንድ ደቂቃ እንዳይነሡ የዘፈቀደ መዘግየት ይጨምሩ። የፓምፑ መቆጣጠሪያ ሳጥን ብረት ስለሆነ አንቴናው ውጭ ይውጣ፤ ቦርዱም ከኮንታክተሩ (የሞተሩን ኃይል ከሚያበራና ከሚያጠፋው ክፍል) ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ ባይቀመጥ ይሻላል፣ ሞተሩ ሲነሣና ሲቆም የሚፈጠረው ግርፋት ማይክሮኮንትሮለሩን ያስነሣዋልና። ገበያ ላይ የ433ም የ868ም ሎራ ሞጁሎች አሉ፤ የትኛው ባንድ በምን ያህል ጉልበት እንደሚፈቀድና የመሣሪያው ዓይነት ፈቃድ እንዴት እንደሚገኝ፣ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመውን የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ዩኒየኑ በደብዳቤ ይጠይቅ። ይህንን ሳይጨርሱ በብዛት አይግዙ።

አንድ ነገር ልጨምር። ዩኒየኑ ፓምፑን ከቢሮ ማጥፋትና ማብራት ቢፈልግ አያስቸግርም፤ ነገር ግን ጉድጓዱ ውስጥ ውኃ ሲያልቅ ፓምፑን የማቆሙ ሥራ ለሬዲዮው አይተው። በሎራ የተላከ መልእክት ሊጠፋ ይችላል፤ ያለ ውኃ የሚሽከረከር ጠላቂ ፓምፕ ግን ቢሮ እስኪሰማ አይጠብቅም። ጉድጓዱ ውስጥ የውኃ ከፍታ የሚያውቁ ኤሌክትሮዶች ይውረዱና በሪሌ አማካይነት የኮንታክተሩን መስመር በቀጥታ ይቁረጡት፤ ሎራው መቆሙን ብቻ ይንገር። ገንዳው ሲሞላም እንዲሁ፣ ተንሳፋፊ ማብሪያ ማጥፊያው እዚያው ይቁረጠው፤ ገንዳው ከፓምፑ ርቆ ሽቦ መዘርጋት ካልተቻለ ደግሞ ፓምፑ ከገንዳው የሎራ መልእክት በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ካልሰማ ራሱን እንዲያቆም አድርገው ፕሮግራሙን ይጻፉት።